የእናቴ ጀርባ

ታናሽ እህቴ ወረታ ላይ ቤት መሥራት ስትጀምር ያየሁት በገዛ መስኮቴ ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ እስካሁን ሰው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እሷ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ ፎገራ ሜዳ ላይ ከባሏ ጋር ሩዝ የምታመርት ገበሬ ናት። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለው ባዶ ቦታ ላይ መጀመሪያ ብሎኬት ተራገፈ፤ ቀጥሎ ፎቁ ወጣና የጠዋት ፀሐዬን ከለከለኝ። “እንኳን ደስ አለሽ” አልኳት። አንጀቴ ግን እርር ድብን አለ።

ምን ይደረጋል፣ ከተማው የእነሱ ሆኗል። ባጃጁም፣ ወፍጮውም፣ አዲሱ ሕንፃም የሩዝ አምራቹና የነጋዴው ነው። እኛ ማኅተም ይዘን የተቀመጥነው ኪራይ በተጨመረ ቁጥር ወደ ዳር እንገፋለን። “ታድላ!” እላለሁ በየጠዋቱ፣ መስኮቱን እየዘጋሁ።

አንድ ነገር ብቻ የእኔ ነበር። እናታችን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በየዓመቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ የምወስዳቸው እኔ ነኝ። እዚያ ጀርባቸውን ማሸት ደግሞ በእኛ ቤት ደንብ የታላቂቱ ልጅ ነው። ለማንም አልለቀውም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ እሷ መኪና ኮንትራት ይዛ ደጄ ላይ ቆመች።

“እታለም፣ ዛሬስ በአውቶቡስ አትንገላቱም። ሦስታችንም አብረን እንሄዳለን።”

እናቴ ደስ ብሏቸው ፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ወይ ጉድ! እኔ ከኋላ ኩርፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ፎቁ አልበቃት ብሎ ይቺንም ልትቀማኝ ነው!

ውሃው ጋ ስንደርስ የፈራሁት ሆነ። እህቴ ቀድማኝ እጅጌዋን ሰብስባ ከእናቴ ኋላ ተቀመጠች። ገና ሁለቴ እንዳሸቻቸው እናቴ ትከሻቸውን ሰበቁ።

“ተይ ልጄ፣ እጅሽ ይቧጥጣል። ለእህትሽ ልቀቂላት፣ የእሷ እጅ ለስላሳ ነው።”

ደስታዬን ምን ልንገራችሁ! እሰይ፣ አልኩ በሆዴ፣ እሰይ! ገፋ አድርጌያት ተቀመጥኩና የሚታጠበው ሰው ሁሉ እንዲያይልኝ ቀስ እያልኩ ማሸት ጀመርኩ።

እሷ አልሄደችም። አጠገቤ ቁጭ ብላ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆማ ሩዝ ያረመችበት እጅ ነው፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል፣ ጥፍሯ ሥር የገባው ጭቃ በፍል ውሃ እንኳ አልለቀቀም። ከዚያ ቀና ብላ እናቴ ጀርባ ላይ የሚሄደውን የእኔን እጅ ዓይኗን ሳትነቅል ታይ ጀመር።

“ታድለሽ” አለችኝ።

እጄን ያየችበትን ዓይን አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ በመስኮቴ ፎቋን የማየው እንዲያ ነው።