በሩ ሳይከፈት የዘጋሁት መጽሐፍ

ይህ ነገር የደረሰው አምና ነው፤ አጨዳ አልቆ ውቂያ በተጀመረ ሰሞን። ዓመት አለፈው፤ እኔ ግን መጽሐፍ የያዘ ሰው ባየሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከእርሻ መልስ ነው። እስከ ዛሬም የማነበው ጣቴን መስመሩ ላይ አስሄጄ ነው። ጽሑፌ ቢንገዳገድ አትፍረዱብኝ።

የምኖረው መካነ ሰላም ነው። ልጄ በላይነሽ እዚሁ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ቤቱ ኃላፊ ናት። አዲስ መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ ቤት አምጥታ ራሷ ታነበዋለች። ከዚያ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን ትወስንና ሽፋኑ ውስጥ ወረቀት ትለጥፍበታለች፤ ይሄ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመት፣ ይሄ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት፣ ይሄ ለአዋቂ። አብዛኞቹ ስለሌለ ነገር የተጻፉ ናቸው። የሚናገር ተራራ አለ፣ ወደ ኋላ የሚሄድ ዘመን አለ፣ ኮከብ ላይ የሚኖር ሰው አለ።

«ለውሸት ይሄን ያህል ወረቀት!» እላት ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ውሸታም እመኑኝ ይላል፤ ይሄ እስቲ አስቡት ነው የሚለው።»

«እኔ በሬ ጠፍቶብኝ የማስበው መች አጣሁ» ብዬ እወጣለሁ። በዚያን ጊዜ አሳቤ ይሄ ነበር።

ጎረቤቴ መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። የዚህ አገር ቄስና ዲያቆን ግማሹ ንባብ የተማረው ከእሳቸው ነው። ያን ጊዜ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ሰዎች በእጃቸው ይዘው ቤት አደረሷቸው። ከዚያ ወዲህ «በእጅ የምጎተት በሬ ነኝ እንዴ» ብለው ከቤት መውጣት ተዉ። መደብ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይውላሉ። ምግቡም ከሁለት ጉርሻ አያልፍ። ሰውነታቸው አልቆ ጋቢያቸው ብቻ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ያን ሰሞን ሞራ የሚገፍፉ ሐኪሞች ደሴ መጥተዋል፣ የሚቆዩትም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ባለቤታቸው እትዬ የሺ እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው። እሳቸው ወይ ፍንክች!

«እኔ የማነበውን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ። ዓይን ለምኔ ነው? ያንቺንም ፊት እንደሆነ አውቀዋለሁ።»

እኔም ሄጄ ለመንኩ፤ ቀጥሎም ተቆጣሁ። ግትር ነው ይሉኛል ሰዎች፤ መሪጌታ ጋር ስደርስ ግን ግትርነቴ የሕፃን ነው።

በወሩ በሚካኤል ዕለት እትዬ የሺ ቤቴ መጡ። «አያ ይመር፣ በሞቴ፣ የጸሎት መጽሐፍህን ይዘህ ናና አንብብላቸው። የእኔን ቃል እንቢ ብለዋል። ምናልባት የመልአኩን ተአምር ሲሰሙ ልባቸው ይራራ ይሆናል።»

እኛ ቤት የጸሎት መጽሐፍ የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የቆዳ ማኅደር ውስጥ ነው። ማኅደር ደግሞ መንገድ ላይ አይከፈትም። እንደ ታሰረ አንግተውት ይሄዱና፣ የሚነበብበት ቦታ ደርሰው፣ እጅ ታጥበው ነው የሚከፍቱት። አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር፤ እኔም እንዲሁ አድርጌ ሄድኩ።

ያላወቅኩት ነገር ነበር። አይጥ አስቸግራን ስለ ነበር በላይነሽ በዋዜማው ማታ የጸሎቱን መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥታ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ሳጥኑ ሲሞላባት ደግሞ ከትምህርት ቤት ያመጣችውን መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ከተተችው።

መሪጌታ ቤት እጄን ታጠብኩ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ማኅደሩን ፈትቼ መጽሐፉን ሳወጣ፣ ሽፋኑ ላይ በከዋክብት መካከል የምትሄድ የብረት መርከብና ሹሩባ የተሠራች ልጅ ተሥለዋል። ገለጥ ሳደርገው የበላይነሽ ወረቀት ተለጥፏል፤ «ከ10 እስከ 12 ዓመት» ይላል።

ምን ልበል? ተሳስቼ ነው ብዬ እንዳልመለስ እትዬ የሺ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ጀምር እንጂ፣ ምን ታመነታለህ» አሉ መሪጌታ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

ጀመርኩ። በጸሎት ዜማ ነው የጀመርኩት። «የብረቷ መርከብ ከምድር ከተነሣች ሦስት ትውልድ አለፈ። በውስጧ የተወለዱት ሰዎች ፀሐይ ስትወጣ አይተው አያውቁም።»

«አሜን» አሉ እትዬ የሺ።

እግዜር ይይላቸው፣ አራት ነጥብ በደረስኩ ቁጥር አሜን ይላሉ። መርከቧ ውስጥ በሳጥን አፈር እህል ይዘራል፤ አሜን። አንድም ሰው እንዳይከፍተው የተከለከለ በር አለ፤ አሜን። እኔ ቀና ማለት ፈርቼ ጣቴን እያስሄድኩ ሁለት ገጽ አነበብኩ። አንድ ጊዜ ሰረቅ አድርጌ ሳይ መሪጌታ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰዋል።

«ይመር» አሉኝ።

«አቤት።»

«ይሄ ድርሳን አይደለም።»

አለቀልኝ አልኩ። «አይደለም መሪጌታ። በስሕተት ነው፣ የልጄን መጽሐፍ ነው ይዤ የመጣሁት። ይቅር ይበሉኝ፤ ሮጬ የእኛን ላምጣ።»

«ተቀመጥ! ድርሳኑንማ በቃሌ አውቀዋለሁ። ይሄን አላውቀውም። ቀጥል።»

እትዬ የሺ እስከ ዛሬ ያችን አሜን ሲያስታውሷቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው እየሄድኩ አነብላቸው ጀመር። የልጆች መጽሐፍ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። እንዴት ብዬ! የወረቀቷን ገጽ በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነበር መጽሐፉን የምገልጠው፤ ማየት እንደማይችሉ እያወቅሁ።

ማንበቡ ራሱ ፈተና ነበር። መሪጌታ የንባብ መምህር ናቸው። ቃል ከረገጥኩ ወይ ከዘለልኩ «ተመለስ!» ይሉና ከገጹ አናት ያስጀምሩኛል። በሰባ አራት ዓመቴ የቆሎ ተማሪ ሆንኩላችሁ። አንዳንድ ቀን ዐሥር ገጽ እንሄዳለን፣ አንዳንድ ቀን አንዷንም አንጨርስ።

«አንተ፣ ይህች መርከብ ባንተ ንባብ ከሆነ የምትሄደው ኮከቡ ጋ ሳትደርስ እኔ እሞታለሁ» ይሉኛል።

«አንቱ ካላቋረጡኝ ትደርሳለች።»

«አላቋርጥህማ ገደል ትገባለች።»

ከሁሉ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነው። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ያውቃሉ፤ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚቆጥሩልን እሳቸው ናቸው። እና መርከቧ ውስጥ ፀሐይም ጨረቃም የለ።

«በምን ይቆጥራሉ?» አሉ አንድ ቀን። «ጾሙ በምን ይታወቃል? ሦስት ትውልድ ሙሉ ቀን ሳያውቁ ይኖራሉ?»

«ቀን ቆጣሪ ሰው አላቸው ይላል።»

«ቢተኛስ? አንድ ቀን ቢዘልስ? ጉዳቸው ፈላ!» ብለው ጣታቸውን እያጠፉ መቁጠር ጀመሩ። እንጀራ ቀርቦ ነበር፤ እየቆጠሩ ሙሉውን በሉት። እትዬ የሺ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰውየው ሌላ ሰው ሆኑ። ገና ከደጅ ሳልገባ «መጣህ? በል ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» ይላሉ። እኔም ብሆን፣ ልዋሽ አልችልም፣ እየቸኮልኩ ነበር የምሄደው። ደሴ የሚለውን ነገር ሳነሳባቸው ግን ያው ናቸው። «የምታነብልኝ አንተ አለህ፣ ዓይን ለምኔ» ይላሉ። ይቺን ስሰማ ደነገጥኩ። ለካ እኔ ራሴ ምክንያት ሆኜላቸዋለሁ!

ወሩ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀረ። ያን ቀን ገጽ ስልሳ አንድ ደረስን። ልጅቷ ቀን ቆጣሪው አንድ ነገር እንደ ደበቃቸው ደርሳበታለች። በዚያ በማይከፈተው በር ፊት ቆማ እጇን ዘርግታ መዝጊያውን ነካችው። እኔ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ምነው?» አሉ።

«በቃ።»

«ነገ በጠዋት ና እንግዲህ።»

«ነገ የለም መሪጌታ። የቀረው ሠላሳ ገጽ ነው፤ እሱን በራስዎ ዓይን ያንብቡት። እኔ ከዚህ በኋላ አንድ ቃል አላነብልዎትም።»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ውጣልኝ! ከቤቴ ውጣ!» አሉኝ። ወጣሁ። ሐኪሞቹ ይሄዳሉ፣ እኔም የሰባ ዓመት ጎረቤቴን አጣለሁ፣ እሳቸውም ወደ ግድግዳቸው ይመለሳሉ እያልኩ እህል አልቀመስኩም።

በማግሥቱ በላይነሽን አስጠርተው ሌላ ቅጅ አምጪ አሏት። ያለን አንድ ነው አለቻቸው። እንግዲያው ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ንገሪኝ አሏት።

«መሪጌታ፣ እኔ ለሰው መጽሐፍ እመርጣለሁ እንጂ መጨረሻውን አልናገርም። ለተማሪዎቼም አልናገርም፤ ሕጌ ነው።»

«የአባትሽ ልጅ!» አሉና አሰናበቷት።

ቤት ስትመጣ «አባዬ፣ አልጨከኑባቸውም?» አለችኝ። እኔም መጽሐፉን አውጥቼ ገጽ ስልሳ አንድን ገለጥኩ። ብቻዬን ላነበው ነበር። ተውኩት። እሳቸው ሳይሰሙ በሩን መክፈት መስረቅ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን እትዬ የሺ በራችን ላይ ቆሙ። ፊታቸው ያበራል። «አያ ይመር፣ የደሴ መኪና በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው ይላሉ።»

ሦስታችን በወረኢሉ በኩል ሄድን። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ ወገባችን ተለያየ። መሪጌታ እኔን አላናገሩኝም። መጽሐፉን ግን ከእጄ ተቀብለው ከጋቢያቸው ሥር ይዘውት ሄዱ። አንተን አኩርፌሃለሁ፣ የምሄደው ከመርከቧ ልጅ ጋር ነው የሚሉ ይመስል ነበር።

ሐኪሞቹ ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ደረስን። የቀኝ ዓይናቸውን ገፈፉላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታች። መሪጌታ ዓይናቸውን አርገብገብ አድርገው መጀመሪያ እትዬ የሺን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩ። «አርጅተሻል» አሏቸው። እትዬ የሺ እያለቀሱ ሳቁ። ቀጥለው እኔን አዩኝ። «መጽሐፉን!» አሉ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ወረቀቷ! ልቀድዳት እጄን ስሰድ ቀደሙኝ። ሽፋኑን ገልጠው ክንዳቸውን ዘርግተው ከሩቅ ያዙት። የበላይነሽ ጽሕፈት ወፍራም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ የኖረ ዓይን መጀመሪያ ያነበበው ያንን ነው።

«ይመር።»

«አቤት መሪጌታ።»

«ስንት ዓመቴ ነው?»

«ሰማንያ አንድ ይላሉ።»

«ይሄ ምን ይላል?»

«...ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት።»

ቀና ስል የመሪጌታ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ተቆጡ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ሳቅ ነው! እኔ እሳቸው እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። በአጠገባችን ያሉት በሽተኞች ፋሻቸውን እንደ ታሰሩ «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላሉ።

መነጽር ተሰጥቷቸው አገራችን ስንመለስ ሠላሳውን ገጽ ባንድ ቀን ተቀምጠው ጨረሱት። ከዚያ ብርዕና ቀለም አወጡ። በበላይነሽ ወረቀት ላይ «12» የሚለውን በአንድ መስመር ሰርዘው፣ ከጎኑ በዚያ ባማረ የብራና እጃቸው «81» ብለው ጻፉበት። «ከ10 እስከ 81 ዓመት» ሆነ። በላይነሽ መጀመሪያ የመንግሥት ንብረት ነው ልትል ነበር፤ ኋላ ግን መጽሐፉን እንዳለ መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

ያች ጽሕፈት ጉድ አመጣች። ተማሪው ሁሉ ይሄ የሰማንያ አንድ ዓመቱ ማነው እያለ መጽሐፉን ይሻማል። ወረፋ ተያዘ። መሪጌታ ራሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በመቋሚያቸው እየሄዱ መጻሕፍት ቤቱ በር ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጅ ሲመጣ አነጋግረው፣ አንተ ገና ነህ ያንን የተራራውን አንብብ፣ አንቺ ፈሪ አትመስይም የዘመኑን ውሰጂ እያሉ ያከፋፍላሉ። ከበላይነሽ ጋር ባይስማሙም ተከባብረዋል። ዛሬ የሚመራቸው ሰው አያስፈልጋቸውም።

እኔ ብቻ ቀረሁ። ከበሩ ወዲያ ምን እንዳለ ዓመት ሙሉ ሳላውቅ ከረምኩ፤ ልጄ ወረፋዎን ይጠብቁ አለችኝ። ለሰው ክፉ የሠራሁ መስሎኝ ሦስት ቀን እህል አልበላ ያልኩባት ያች ጭካኔዬ፣ ዛሬ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የምደሰትባት ሆናለች። ስለሌለ ነገር መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው ያልኩትንም ትቼዋለሁ። ለበላይነሽ ግን ትቼዋለሁ አላልኳትም፤ ይህን ስታነብ ትወቀው።

ትናንት መጽሐፉ ደረሰኝ። መሪጌታ ጋ ይዤው ሄድኩና ገጽ ስልሳ አንድን ገለጥኩ። «እስቲ መሪጌታ፣ እንዳልደክም ብቻ፣ ከበሩ ወዲያ ምን አለ?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ዓይን የለህም?» አሉ።