እሁድ የተለበሰ ዩኒፎርም

ትናንት ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ተሳፍሬ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ በስልክ «አንድ የዘመድ ልጅ ከገጠር አስመጥቼ እያስተማርኩ ነው... ቤቱንም ትረዳኛለች» ስትል ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ምንም አላደረገችኝም፣ ምናልባትም እውነቷን ይሆናል። ግን ይቺን አነጋገር አውቃታለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ጉለሌ፣ ከእትዬ አስካለ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበርን። እትዬ አስካለ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። ስብሰባ ላይ «ብዝበዛ ይውደም» ሲሉ ድምፃቸው እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ማድቤታቸው ውስጥ ደግሞ ዘነቡ አለች። የሩቅ ዘመዳቸው ልጅ ናት፣ ዐሥር ዓመት ቢሞላት ነው። አስተምራታለሁ ብለው ከፍቼ ወዲያ ካለ ገጠር ነው ያመጧት። ጠዋት ከቦኖ ውሃ ትቀዳለች፣ ከዚያ እንጦጦ ወጥታ ቅጠል ትሸከማለች፣ ከሰዓት የቤተሰቡን ልብስ ታጥባለች፣ ሲመሽ ማድቤት ጆንያ ላይ ትተኛለች። ግቢው በሙሉ ያያል። ማን ይናገር? ሊቀመንበሯን የተናገረ ቀበሌ ይጠራል፣ ቀበሌ የተጠራ ደግሞ... በቃ፣ ታውቁታላችሁ።

አንድ እሁድ የእትዬ አስካለ ልጅ ሶስና በውስጥ ልብስ፣ ነጠላ ተከናንባ እኛ ቤት ገባች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ሌላው ልብሷ ታጥቦ ገና ገመድ ላይ ነው፤ የዘነቡ አባት ደግሞ ድንገት ከገጠር ስለመጡ፣ እትዬ አስካለ የቀራትን ዩኒፎርም ወስደው ለዘነቡ አልብሰዋታል። እሁድ ቀን ዩኒፎርም! ገበሬ ምን ያውቃል ብለው ነው።

ወንበር አንሷቸው ኖሮ በርጩማ ይዤ እንድመጣ ተጠራሁ። ዘነቡ በሰማያዊው ዩኒፎርም፣ የሶስናን ደብተር ጭኗ ላይ አድርጋ አቀርቅራለች። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በጨው አጥበው ከክፍሏ አንደኛ ናት ይላሉ። አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቋቸዋል። ያመጡት አንድ ቅል ቅቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ አባትየው ከኋላቸው የተደበቀች ትንሽ ልጅ ሳብ አደረጉ። የዘነቡ ታናሽ ናት፣ ወለላ።

«ዘንድሮ ዝናቡም እምቢ ብሎናል። እንግዲህ ይቺንም እንደ እህቷ ያስተምሩልኝ» አሉ።

እትዬ አስካለ ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ እስከዛሬ እጠላታለሁ።

ዘነቡ ቀና አለች። በዚያ ግቢ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

«አባዬ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ልብሱም የሶስና ነው። ወለላን እዚህ እንዳትተዋት።»

እትዬ አስካለ ሳቅ ለማለት ሞከሩ፣ ልጅ አይደለች፣ ትቀልዳለች አሉ። አባቷ ወደ ዘነቡ ጠጋ አሉ። የልጃቸውን መዳፍ ገልብጠው አዩ። ደብተሩን ከጭኗ አንስተው በርጩማው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ቅቤያቸውን ከጠረጴዛው አነሱና ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። በእኛ አገር የሰጡትን መልሶ መውሰድ ነውር ነው። እኝህ ሰው ግን ነውሩን ለእትዬ አስካለ ትተው ተነሱ።

«ጦማቸውን ቢያድሩም ከናታቸው ጋ ይደሩ» አሉና ሁለቱን ልጆች ይዘው ወጡ።

እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ለልጅቷ መስሏችኋል? «ዩኒፎርሙን! ሩጪ፣ አስወልቀሽ አምጪልኝ» ብለው እኔን ላኩኝ።

ሮጥኩ። ጎጃም መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ አገኘኋቸው። ዘነቡ ስታየኝ የእህቷን እጅ ለቀቀችና የዩኒፎርሙን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ከስሩ ሌላ ልብስ እንደሌላት ያኔ ገባኝ። አፌን ሞልቼ ምን ልበላት? መኪናው እስኪመጣ አብሬያቸው ቆምኩ። ሲሳፈሩ አየሁና ተመለስኩ።

እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «አልደረስኩባቸውም» አልኳቸው።

በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ... ለዚያኛው ግን ንስሐ አልገባሁም፣ አልገባምም።