ከዛፉ ጀርባ የቆመው አባት

ሓጐስ ሰው አያምንም። በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ ፓርክ ሮያል በሚባል ሰፈር በሚሠራበት የሳንድዊች ፋብሪካ እንኳ ምሳውን ሠራተኛው ሁሉ በሚጠቀምበት ፍሪጅ ውስጥ አያኖርም፤ በጃኬቱ ኪስ ይዞት ይዞራል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ አንድ ልጁን፣ ፍዮሪን፣ ለጃፓናዊ የቤዝቦል አሠልጣኝ አሳልፎ የሰጠው።

ሚስተር ሞሪታ አገሩ ሳለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን የኖረ ነው። አሁን ቶተንሃም አንድ ሜዳ ላይ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ያጫውታል። ያጫውታል ለማለትም ይከብዳል! መጀመሪያ ሜዳውን ያስጠርጋቸዋል፣ ጫማቸውን በመስመር ያስደረድራቸዋል፤ ሲገቡም ሲወጡም ለሜዳው ጎንበስ ብለው እጅ እንዲነሱ ያደርጋቸዋል። ጥሩ ሰው ያልሆነ ጥሩ ተጫዋች አይሆንም ባይ ነው። ሓጐስ ይህን ሲሰማ ጆሮው ቆመ። አስመራ ሲማር ሥነ ምግባር እየሰበከ በአለንጋ የሚገርፍ አስተማሪ ነበረው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

አንድ ቀን ፍዮሪ ክንዷ በልዞ መጣች። ኳስ ነው የመታኝ አለችው። ሞሪታ ነው እንጂ አላት። አይደለም አለች። በማግስቱም ጠየቃት፣ በሳልስቱም። በመጨረሻ ልጅቷን አንገሸገሻት።

«ባባ፣ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

ዋሽታው አታውቅም። ግን አላመናትም።

ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅዶ ሄደና ሜዳው ዳር ካለ ዛፍ ጀርባ ተሸጎጠ፤ ሞሪታን እጅ ከፍንጅ ሊይዝ። ሰውየው ግን አይጮህም፣ አይቆጣም፤ ኳስ ያመለጠውን ልጅ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ያስረዳዋል። ይሄ ደግሞ የሓጐስን ጥርጣሬ ይብስ ጨመረው። ሰው ሲያየው ነው እንዲህ የሚለሰልሰው አለ በልቡ። ማን እንዳየው እንጃ!

የሞሪታ ቡድን ታዲያ አንድ ደንብ አለው፤ እንግዳ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል። ሞሪታ ወደ ዛፉ አየት አደረገና ፊሽካውን ነፋ። ልጆቹ ሮጠው ተሰለፉ፣ ቆባቸውን አወለቁ፣ ወደ ዛፉ ዞረው ጎንበስ አሉና በአንድ ድምፅ እንኳን ደህና መጡ አሉ።

ሓጐስ የሚገባበት ጠፋው። ሞሪታ እንግዳውን የሚያውቅ እንዳለ ጠየቀ። ፍዮሪ አባቷን ከነሥራ ልብሱ አየችው። ለምን እንደመጣ ወዲያው ገባት፤ ፊቷ ልውጥ አለ።

«አባቴ ነው» አለች። «ስጫወት እንዲያይ ብዬ እኔ ነኝ የለመንኩት።»

ሞሪታ ደስ ብሎት ወንበር ሊያመጣለት ሮጠ። ሓጐስ ግን ቀና ብሎ ልጁን ማየት አቃተው። ስትዋሽ ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር፤ የዋሸችውም ለእሱ ብላ ነው።