ጠላት ያልመጣበት ምሽግ

አላሜዳ ባሕር ዳርቻ ስሄድ የረጠበ የባሕር ሣር ከሸተተኝ፣ ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

ያኔ አባቴ ተማሪ ነበር፤ የምንኖረውም ኦክላንድ ነው። አንድ ቅዳሜ ከእሱና ከእናቴ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ሄድን። ከባሕሩ ዳርቻ ተነስተን፣ አስጎብኚ እየመራን፣ በገደሉ ጫፍ ወደ አሮጌው ምሽግ በእግራችን ተጓዝን። ጉሙ ፊታችንን ያረጥበዋል።

ስንደርስ አስጎብኚው፣ "ወታደሮቹ እዚህ ሆነው ጠላት ሲጠብቁ ኖሩ፤ ጠላት ግን አልመጣም" አለን።

አባቴ ሳቀ። "የእኛዎቹ ጠላት እስኪመጣ መች ጠበቁ!" አላት እናቴን። ወዲያው ሳቁ ለቅሶ ሆነ።

"ተው እንጂ፣ በልጅቷ ፊት!" አለችው እጁን ይዛ።

"አባባ፣ ማን ሞተ?" አልኩት።

"እዚህ ማንም አልሞተም፣ ልጄ" አለኝ፣ ፊቱን በኮቱ እጅጌ እየጠረገ።

አገር ቤት መኮንን የነበረው አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ከዚያ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ በገዛ ጓዶቹ እጅ መገደሉን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። አባቴ ዛሬ ሸምግሏል። ስለዚያ ቀን ስጠይቀው ግን አሁንም፣ "ነፋሱ ነው ያስለቀሰኝ" ይለኛል።