ቦቴው ዘይት የበላ ጊዜ

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አባቴ ጅጅጋ ውስጥ የመሥሪያ ቤት የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር። እናቴ ደሴ ከሞተች በኋላ ወደ ጅጅጋ ሲዛወር እኔን ይዞኝ ሄደ። ውሃ ጭኖ ወደ ደምበል ገጠር በወጣ ቁጥር የማድረው ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ቤት ነበር። ጋሽ ታደሰ የዚያው መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ለሾፌሮቹ የሞተር ዘይት የሚሰጡት እሳቸው ነበሩ።

ልጃቸው ሰላም እኩያዬ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ የሜዳውን አቧራ ሲያስነሳው ግድግዳቸው ጥግ ተሸጉጠን ቅልሞሽ እንጫወታለን። ሲመሽ አንድ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። እናቷ ብርድ ልብሱን ሲያለብሱን የሚሸተኝ የእጃቸው የልብስ ሳሙና አሁንም አይጠፋኝም። እናት ያለው ቤት እንዲህ ይሸታል ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ ቦቴው ዘይት መብላት ጀመረ። አባቴ ሞልቶ ወጥቶ ሲመለስ ዘይቱ ጎድሎ ይገኛል። ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣም ሞተሩ ገና መታደሱ ስለነበር ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ በሾፌሮቹ ፊት፣ "ዘይቱ መሬት አልፈሰሰ፣ ሞተሩ ውስጥ የለም። ታዲያ መንገድ ላይ ማን ገዛው?" አሉት።

አባቴ ዘወር ብሎ ሄደ። ቤት ገብቶ እጁን ሲታጠብ ቆየና፣ "ከዛሬ ጀምሮ እነሱ ቤት አትሄጂም" አለኝ።

ከዚያ በኋላ እሱ መንገድ ሲወጣ ብቻዬን አድር ጀመር። ትምህርት ቤት ሰላም ከሌላ ልጅ ጋር ተቀመጠች፤ እሷንም ከልክለዋት እንደሆነ አላውቅም። ግድግዳው ጥግ ስትጫወት የጠጠሮቹ ድምፅ ቤታችን ድረስ ይሰማኛል። እኔም የራሴን ጠጠር ለቅሜ ከአልጋው ሥር ብቻዬን እጫወት ነበር።

በመጨረሻ አባቴ የከተማውን መካኒክ ኦስማንን ጠራና ጋሽ ታደሰም ቆመው እንዲያዩ ጠየቀ። ቅዳሜ ስለነበር እኔም አብሬው ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄድኩ። ኦስማን ሞተሩን አስነስተው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸውን አፉ ላይ ያዙ።

"የፒስተን ቀለበት ተበልቶ ቢሆን እዚህ ጋ ጭስ ይነፋል" አሉ። "ይሄ ንጹሕ ነው።"

መኪናው እንደቆመ ሞተሩ ለረጅም ጊዜ እንዲሠራ ተዉትና አባቴን ነዳጁን በአንዴ አስረገጡት። ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ የተቃጠለው ዘይት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። አስጠፍተው ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ከተርቦው የሚወጣውን የጎማ ቱቦ ፈቱ። ጣታቸውን ከተው ሲያወጡት በዘይት ተነክሮ ነበር። የተርቦውን ዘንግ ይዘው ወዲህ ወዲያ ሲሉት ተንቀጫቀጨ።

"ወላሂ፣ ይሄ እንዲህ መነቃነቅ የለበትም። ተበልቷል። ዘይቱን በዚህ ያሳልፋል፣ ሞተሩ ያቃጥለዋል። ሰውየው ምንም አልወሰደ።"

ጋሽ ታደሰ ቱቦውን ራሳቸው ዳሰሱ። ከዚያ ከአባቴ ፊት ቆመው፣ "ይቅር በለኝ፣ ኃይሌ" አሉት።

"ይቅር ለእግዜር" አለ አባቴ። ተጨባበጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ቃል እስኪናገር ጠበቅሁ። "ሂጂ" ቢለኝ እየሮጥኩ እሄድ ነበር። እሱ ግን ራት ሠራ። በነጋታውም አላለኝም። ሰላም ደጃቸው ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እኔም አያታለሁ፤ አንዳችንም አልተራመድንም። ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ታደሰ ወደ ሐረር ተዛወሩ። ዕቃቸው ሲጫን ትምህርት ቤት ነበርኩ። ስመለስ በራቸው ተቆልፏል።

ዛሬ አባቴ አርጅቶ እኔ ጋ ይኖራል። ያኔ አንድ ክፍል ውስጥ ሳንነጋገር እንውል የነበርን ሁለት ሰዎች አሁን ወሬ አያልቅብንም፤ ልጆቼ እንኳ "አያታችንና እናታችን ሲያወሩ አይተኙም" ይላሉ። በቅርቡ ከምሳ በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከታረቃችሁ በኋላ ለምን ወደ ሰላም ቤት አልላክኸኝም ብዬ ጠየቅሁት።

ጥቂት አሰበና፣ "ጠልተሻቸው መስሎኝ" አለ። "ልሂድ ብለሽ እስክትጠይቂኝ ስጠብቅሽ ነበርኮ።"