የማር ጣት ሳል

እትዬ ነጥብ ይሏታል። የእናት የአባቷ ስም አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የመዝሙር ኖታ ነጥብ በነጥብ ስትገለብጥ የኖረች ሴት ስለሆነች የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ያወጡላት ነው። ባሏ የጥንት መዝሙሮችን በአዲስ ቅንብር ያበጅ ነበር። የሚጽፈው እጁ በገባው ነገር ላይ ነው፤ በፖስታ ጀርባ፣ በመድኃኒት ካርቶን፣ አንዴማ በልብስ መቅደጃ ወረቀቷ ላይ ጽፎ የቀሚሷን እጅጌ አጥፍቶባታል። እሷ ያንን ዶሮ የጫረው የመሰለ ጽሑፍ ለቃቅማ፣ ትልቁ ደብተር ላይ በቀጭን ብዕር ታሰፍርና ቁርጥራጩን ትጥለዋለች። «አንቺ ባትኖሪ እኔ ቁራጭ ወረቀት ነበርኩ» ይላት ነበር።

ሲሞት ቤቱ በሰው ሞላ። ከመጡት አንዱ ማር ጣት ነበር። ይህ ሰው ባሏ በመዘምራኑ አዳራሽ ኪቦርድ ላይ ያስተማረው፣ አጨዋወቱ ስለሚጥም እንዲህ የተባለ ጎልማሳ ነው። ከዘመድ አብልጦ አለቀሰ። ሊወጣ ሲል ታዲያ ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ፣ ገና ያልተዘመሩት ያሉበትን ደብተር ፎቶ ኮፒ አድርጌ ልመልስልዎ፤ የመምህሬ ሥራ ጠፍቶ እንዳይቀር» አላት። ያን ቀን ነፍሷን አታውቅም ነበር። በፌስታል አድርጋ ሰጠችው።

ደብተሩ በዚያው ቀረ። በስምንተኛው ወር አልበም ወጣ። ሽፋኑ ላይ ማር ጣት አገጩን በእጁ ደግፎ ይታያል፤ ከሥሩ «ቅንብር» ይልና የሱ ስም ተጽፏል። የባሏ ስም ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለም። ባሏ ሁለት ጊዜ የተቀበረ ያህል ተሰማት።

ለመዘምራኑ አለቃ ነገረችው፤ ማር ጣትም ተጠርቶ ተጠየቀ።

«ደብተር? የምን ደብተር?» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «መምህሬ የኪቦርድ አመታት አስተማሩኝ እንጂ አንዲት ገጽ አሳይተውኝ አያውቁም። ቅንብሩ ከራሴ የፈለቀ ነው።»

አለቃው ጠብ የማይወድ ሰው ነው። ማር ጣት ከሄደ በኋላ፣ «እህቴ፣ ማስረጃ የለሽም» አላት። «ለፈጣሪ የተሠራ ሥራ በማን ስም ቢወጣ ምን አለበት? ደግሞም፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«ልክ ብለዋል ጋሼ» አለች። «ቂሙን እኔ ይዣለሁ። ሳሉን የያዘው እሱ ነው። እስኪያስለው እጠብቃለሁ።»

አልበሙን ገዛች። በየጠዋቱ ወጥ ቤት ተቀምጣ ሽንኩርት እየከተፈች ታደምጠዋለች። ለጸሎት ብላ አይደለም፤ ድመት የአይጥ ጉድጓድ ደጃፍ ላይ እንደምትቀመጠው ነው። አንድ ኖታ አልተለወጠም። ባሏ ያስተነፈሰበት ቦታ ሁሉ መዘምራኑ ይተነፍሳሉ። ዓይኗ ሲያነባ በሽንኩርቱ ታሳብባለች።

ሰባተኛው መዝሙር ላይ ግን አንድ ቀን ቢላዋዋ ቆመ። የቆየ የልመና መዝሙር ነው፤ «ድምፄ ደከመ፣ አንተ ስማኝ» የሚል መስመር አለው። እዚያ ሲደርስ ድራሙ እንደ በረዶ ወረደ፣ መዘምራኑም ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ጮኹ።

«ደክሞት እንዲህ የጮኸ፣ በርትቶ ቢሆን ጣራውን ይዞት ይሄድ ነበር» አለች ለብቻዋ። ወዲያው ገባትና ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ የደግ ሳቅ ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታቸው ውስጥ በእግር እየረገጡ አየር የሚሞሉት አሮጌ ኦርጋን አለ። ከቁልፎቹ ሥር ተጫዋቹ ተቀምጦ በእግሩ ጉልበት የሚገፋው እንጨት አለው፤ ሲገፉት ድምፁ ይጎላል። ያ እንጨት ድሮ ተሰብሮ ባሏ ራሱ ጠገነው፤ ጠገነውና ገልብጦ ገጠመው። ከዚያ ወዲያ ሲገፉት ድምፁ ይታፈንና ሹክሹክታ ይሆናል። ባሏ «ፈትቼ ላስተካክለው» ቢል እሷ «ተወው፣ ለምደነዋል» አለችው። ስለዚህ ባሏ በአንድ መስመር አናት ላይ «በጉልበት» ብሎ ሲጽፍ፣ ጉልበትህን አስጠጋ፣ ድምፁን አፍነው ማለቱ ነው። እሷም እንዳለ ትገለብጠዋለች። ኦርጋኑን ነክቶ የማያውቀው ማር ጣት፣ ቃሉን አንብቦ በኃይል ማለት መስሎታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ልምምድ ወደሚደረግበት አዳራሽ ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች፤ አለቃውም እዚያው ነበር። ሰባተኛውን መዝሙር ዘምረው ሲያበቁ እጇን አወጣች።

«ልጄ፣ እጅህን ይባርከው።»

«አሜን እትዬ» አለ ማር ጣት ከኪቦርዱ ጀርባ።

«አሮጊት ነኝና አትቀየመኝ። ‹ድምፄ ደከመ› ሲል ድራሙ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

አንዷ ዘማሪ ሳቋን በእጇ አፈነች። «እኔስ የደከመው ጆሮዬ ነው» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ፤ ሁሉም ሳቁ።

ማር ጣት ፊቱ ቀላ። «ቅንብር ሙያ ነው እትዬ። አቀናባሪው እዚያ ጋ ኃይል ፈልገዋል።»

«ፈልገዋል? አቀናባሪው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ… እኔ ነኝ እንጂ!»

«እንግዲያው የተሳሳትከው አንተ ነህ። ልመና በጩኸት አይሆንም። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው።»

በሙያው መጡበት። ብድግ አለ። «ምኑ ነው ስህተቱ? በግልጽ ተጽፏል እኮ! ከመስመሩ በላይ ‹በጉልበት› ይላል!»



«የት ላይ?» አለች ዝግ ብላ። «አንዲት ገጽ አላየሁም ያልከው ልጅ፣ የት አነበብከው?»

ማር ጣት ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። እሷ ወደ አለቃው ዞረች። «ጋሼ፣ ሳለ።»

ከዚያ የእንጨቱን ነገር ለሁሉም አስረዳች። አለቃው ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ፤ ጠብ ባይወድም መሞኘት ደግሞ ከሁሉ ይብስበታል። «ሂድና ደብተሩን አምጣ» አለው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደብተሩ በዚያው ፌስታል መጣ፤ የእትዬ ነጥብ እጅ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር። አልበሙ በባሏ ስም እንደገና እንዲታተም እዚያው ተወሰነ፤ ማር ጣትም ተስማምቶ ፈረመ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ይቅርታውን እንነጋገርበታለን። አሁን መስመሩን ዘምርልኝ። ያለ ድራም፣ ብቻህን፣ በሹክሹክታ።»

ዘመረ። «ይጮሃል» አለችው። ደገመ። «አሁንም ይጮሃል።» መዘምራኑ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከአምስተኛው በኋላ የሚስቅ አልነበረም። በዘጠነኛው ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ።

«በቃ እህቴ፣ ይበቃዋል» አለ አለቃው።

«የባሌን ስም ሲፍቅ ‹ይበቃሃል› ያለው ሰው አላየሁም» አለችና ደብተሩን ጭኗ ላይ አመቻቸች። «ከላይ ጀምር።»