አምስቱ የድንጋይ በሬዎች

ከቤቴ የወጣሁት ወፍ ሲንጫጫ ነው። ሰው ሳይነሣ እንውጣ ያልሁት እኔው ነኝ። ሌባ ሁኜ አይደለም፣ «ወዴት ነው?» የሚለኝን ጎረቤት ፈርቼ ነው። በረቱ ባዶውን አፉን ከፍቶ ቀርቷል። ሁለቱ በሬዎቼ ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ወርደው በዚያው ቀርተዋል። እኔ እንደው ልማድ ሁኖብኝ ጭድ ላነሣ ጎንበስ አልሁ። ልጄ ይታይሽ ድስቱንና ጋቢውን ባንድ ጠቅልላ ተሸክማ በር ላይ ቆማለች።

«እማ፣ ለማን ነው ጭዱ?» አለችኝ።

ያነሣሁትን ጭድ እዚያው ጥየ ወጣሁ።

እናንተ የገበዝ ማርያም ሰዎች «ቋሪትን የመሰለ አገር ትታ ከተማ አማራት» እንዳላችሁኝ ሰምቻለሁ። አላማረኝም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ወንድሜ እንዳላማው በበሬዎቼ እያረሰልኝ፣ እኔና ልጄ እህል አላጣንም ነበር። ነገር ግን ይታይሽ አሥራ ሁለተኛን ተፈትና አልመጣላትም። ከዚያ ወዲያ ደላላው ደጃችንን አዘወተረ። በጅቡቲ በኩል፣ በባሕር፣ ሳውዲ። እሱ ሲያወራው ወንዝ ወርዶ ውሃ መቅዳት ይመስላል። በዚያ መንገድ ሄደው የቀሩትን ልጆች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ ለቅሷቸውን አብረን ነው የተቀመጥነው። «አንች በረሃ ከምትገቢ እኔ አብሬሽ ቡሬ ልግባ» አልኋት። «እማ፣ ስደት እንደ ማኅበር ተጠራርቶ ነው እንዴ የሚኬደው?» ብላ ሣቀችብኝ። ኋላ ግን አሰበችበት። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ በሚውልበት ጊዜ በመብራት የሚሄድ ባጃጅ እንዳለ ሰምታለች። «እሱን ካገኘሁ አልሄድም» አለች። ባጃጇን ልንገዛ በሬዎቹን ሸጥን። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ባጃጇ ከሄደች ልጄ አትሄድም፤ ባጃጇ ከቆመች ልጄ ትሄዳለች። በዚህ ፍርሃት ነው ቡሬ የገባሁት።

ቡሬ ሞቃት ነው። ጋቢ ለብሼ በወጣሁ ቁጥር ሰው ያየኛል። በበርበሬ ጊዜ አየሩ ራሱ ያስነጥሳል። እኛ ዘንድ ድንች ለውሻም ይተርፋል፤ እዚህ አንድ ባንድ እየተገላበጠ ተመርጦ ይገዛል። እንጀራው በቆሎ ይበዛበታል፤ ጧት ያማረው ማታ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋኝ ሰላምታው ነው። እኛ ከብቱን፣ እህሉን፣ ልጁን ጠይቀን፣ አንድ ጊዜ ዞረን ደግሞ እንጠይቃለን። እዚህ «ሰላም ነው?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ አልፏል።

ቀበሌ ለመመዝገብ ሄድን። ጸሐፊው ቀና ሳይል፦

«ከየት ነው የመጣችሁ?»

«ከቋሪት።»

«መሸኛ?»

«ማን ይሸኘኛል፣ ልጄ? ሰው ሳይነሣ ነው የወጣሁት።»

ሣቀ። መሸኛ ማለት ካገር ቤት ቀበሌ የሚሰጥ ወረቀት እንደሆነ ይታይሽ በክርኗ ጎሸም አድርጋ ነገረችኝ።

«ተፈናቃይ ናችሁ?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያ ምን ብየ ልመዝግባችሁ?»

«ስደተኛ በለና።»

«ከቋሪት ቡሬ? እናቴ፣ ይኸ እኮ የደርሶ መልስ መንገድ ነው!»

«እስኪ መልሰኛ» አልሁት። አቀርቅሮ ጻፈ፤ ምን ብሎ እንደጻፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባጃጇን የሚመዘግበው ደግሞ ባሰ። «የነዳጅ ዓይነት?» አለ። ይታይሽ «መብራት» አለችው። «መብራት ነዳጅ አይደለም።» «ለሷ ነው።» «ሲጠፋስ ምን ትሆናለች?» «እንደ እናንተ ቢሮ ትተኛለች» አለችው። አፏን ልይዝ ምንም አልቀረኝ። እሱ ግን ሣቀና ማኅተሙን መታላት።

የተከራየነው እትየ ከድጃ ግቢ ነው። እትየ ከድጃ ገበያ ውስጥ ጨውና ቡና የሚነግዱ፣ ምላሳቸው ከበርበሬው የባሰ፣ ልባቸው ግን የማይከፋ ሴት ናቸው። ባጃጇን ባስገባን በነጋታው በማለዳ በሩን አንኳኩ።

«የቋሪቷ፣ ቤቱን ሳከራይሽ ሁለት ነፍስ ነበራችሁ። ይች ሦስተኛዋ ማን ናት?»

«ባጃጅ ናት፣ እትየ ከድጃ።»

«ባጃጅ መሆኗንማ አየሁ። ሌሊቱን ሙሉ የምትበላው ምንድን ነው?»

«መብራት ነው።»

«የማንን መብራት?»

«የርሰዎን» አልሁ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«እንዲህ በይኝ። እኔ አንዲት ላም አለችኝ፤ እሷ እንኳ ሌሊት ታመሰኳለች እንጅ አትበላም።»

የቆጣሪውን ድርሻ እንድንችል ተስማማን። ከዚያ ወዲያ «ላማችሁ አደረች?» እያሉ ያልፋሉ።

መጀመሪያ ደኅና ነበር። ይታይሽ ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ዩኒቨርሲቲው በር ትመላለሳለች። ሴት ሹፌር ናት ብለው የሚመርጧት እናቶች አሉ። አንድ ቀን ግን ፊቷ ጠቁሮ ገባችና «እማ፣ ባትሪው ደክሟል መሰለኝ» አለችኝ። እኔ ተነሥቼ የራስጌ ባትሪየን አምጥቼ ሰጠኋት። በኛ አገር ባትሪ ማለት ማታ የምናበራው ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ ድንጋይ ነው። ልጄ እስኪያማት ሣቀች። መቀመጫውን አንሥታ አሳየችኝ፤ አምስት ጥቋቁር ሣጥኖች ባንድ ረድፍ፣ አንዱ ካንዱ በሽቦ ተያይዘው ተጋድመዋል። «የዚህ ድንጋዩ ይኸ ነው» አለችኝ። እኔም ለየራሳቸው የበሬ ስም አወጣሁ፦ ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉራች፣ መጋል፣ ቀንበሌ። የሸጥኋቸውን የተካሁ መስሎኝ ነው።

በሽታው እንዲህ ነው የጀመረው። ድሮ ማታ የተሰካው ቻርጀር ቀይ እያበራ አድሮ፣ አረንጓዴ የሚሆነው ሊነጋጋ ሲል ነበር። አሁን እራታችንን ሳንጨርስ አረንጓዴ ይሆናል። እኔ ደስ አለኝ፣ እትየ ከድጃም ደስ አላቸው። «ላማችሁ ምግብ ቀነሰች፣ ተመስገን» አሉ። እኔ ከብት ያረባሁ ሴት! ቶሎ የሚጠግብ ከብት የታመመ መሆኑን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? በማግሥቱ ባጃጇ እኔንና ሁለት ሰው ይዛ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች። የቤንዚን ባጃጅ ነጂዎቹ እያለፉ፦

«ይታይሽ! ጡጦዋን ስጫት እንጅ!»

«ወርደሽ ሳብ ሳብ አድርጊያት፣ ቀንበር ላምጣልሽ?»

ተሳፋሪዎቹ ገፍተው አስገቡልን። አንደኛዋ እየገፋች ስትራገም፣ እኔን ነው የምትራገም እየመሰለኝ አብሬ ገፋሁ።

መጀመሪያ ሶኬቱን ጠረጠርን፤ ጠቁሯል፣ ቀየርነው። ቀጥሎ ሰዓቱን ጠረጠርን፤ ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ይደክማል፣ እኛም ሰው ሲተኛ መሰካት ጀመርን። ደግሞ ሽቦው የሚታሰርበት ጫፍ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ነጭ ነገር ወጥቶ አገኘን። ይታይሽ ሽቦውን ፈትታ፣ ፍቃ፣ አጥብቃ አሰረችው። ጥቂት ሰነበተና ተመልሶ ያው ሆነ። ልጄ ከዚያ በኋላ ስልኳን ይዛ ደጅ መውጣት አበዛች። ከደላላው ጋር እንደምታወራ አውቃለሁ።

ገበያው ዳር ባትሪ የሚሸጥ፣ ጸጉሩን ያንጨበረረ ጎረምሳ አለ። ሰው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል፤ ማን እንደሾመው እንጃ። ቴስተር በሚሉት መለኪያ አንድ ባንድ ነካ ነካ አደረገና ዳልቻ ላይ ቆመ።

«ይኸ ሙቷል። እሱን ብቻ ቀይሩ።»

«አምስቱ አብረው ነው የሚቀየሩት ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው ይታይሽ።

«ማነው ያለሽ? አምስት ሊሸጥልሽ የፈለገ ነዋ!» ወደ እኔ ዞረ። «ማዘር፣ እርሰዎ የገበሬ ቤት ነዎት። ወይፈን የሚገራው ከማን ጋር ተጠምዶ ነው?»

«ከአሮጌ በሬ ጋር።»

«ሁለት ወይፈን ቢጠምዱስ?»

«ቀንበሩን ሰብሮ ገደል ይገባላ!»

«በቃ! አሮጌዎቹ አዲሱን ያስተምሩታል። ፍርዱን ለእናትሽ ትቻለሁ፣ ይታይሽ።»

ልቤ ገባ። ቡሬ ከገባሁ ጀምሮ የማውቀው ነገር ሲጠየቅ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ደግሞስ መቀናጆ ያገራችን ልማድ አይደለም እንዴ? አንድ በሬ ያለው ካንድ በሬ ካለው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል፤ ማን ከማን ተመሳሰለ ተብሎ ነው? «ልጁ ልክ ነው» ብየ ፈረድሁ። ይታይሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፣ አልተከራከረችም። ዳልቻን አስቀየርን፤ ለአዲሱም «ወይፈኑ» ብየ ስም አወጣሁለት።

ባጃጇ ተነሣች። ደስ ብሎኝ የገብስ ቆሎ ቆልቼ ለእትየ ከድጃ ሰጠሁ። ደስታው ግን አልሰነበተም። ባጃጇ አሁንም መንገድ ላይ መቆም አመጣች፣ ስትሰካም ትሞቃለች። አንድ ቀን እትየ ከድጃ አፍንጫቸውን በሻሻቸው ይዘው መጡ።

«የቋሪቷ፣ እንቁላል ገምቶባችኋል።»

«እንቁላል የለንም፣ እትየ ከድጃ።»

«እንግዲያ ላማችሁ እንቁላል መጣል ጀምራለች!»

ሽታውን ተከትየ መቀመጫውን ባነሣ፣ ቦራና ጉራች ሆዳቸው ተነፍቷል። እጄን ባስጠጋ እንደ ጀበና ይፋጃሉ። ቻርጀሩን ነቅየ እየጮህሁ ወጣሁ። ይታይሽ መጥታ፣ ግድግዳችን ላይ ተጠግታ የነበረችውን ባጃጅ ገፍታ ግቢው መሐል አቆመቻት። የምንተኛው ከዚያች ግድግዳ ወዲህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ዓይኔን አያውቀውም።

አምስቱንም ፈትተን በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ወሰድን። እዚያ ባትሪ ቤት ያገኘነው ሰውየ ቁጡ ነው፤ ገና ሲያያቸው ጮኸብን።

«አሮጌና አዲስ ማነው ያዳበለላችሁ?»

እኔ የወይፈኑን ነገር ነገርሁት። አልሣቀም። «እናቴ፣ ድንጋይ በሬ አይደለም፤ አይማማርም» አለኝ። «ባንድ ሽቦ ስለታሰሩ የሚመጣው ለሁሉም እኩል ነው የሚደርሳቸው። አሮጌው ሆዱ ጠቧል፤ ቶሎ ይሞላል፣ ከሞላ በኋላም ሲጋት ይፈላል፣ ያብጣል። አዲሱ ሆዱ ሰፊ ነው፤ ሳይጠግብ ቻርጀሩ ‹በቃችሁ› ብሎ ይዘጋል። አሮጌው በጥጋብ፣ አዲሱ በረኃብ፣ ሁሉም ሞቱ።»

«አንዱም አይተርፍም?» አለችው ይታይሽ።

«አንዱም። አምስት አዲስ፣ ካንድ ዓይነት፣ ባንድ ቀን። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

አምስት አዲስ ከየት ይመጣል? በሬ እንደሁ ሁለተኛ አይሸጥ። ከሱቁ ወጥተን መንገድ ዳር ተቀመጥን። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦

«እማ፣ እሄዳለሁ።»

«እኔ ነኝ የፈረድሁት። እኔ ልሂድ።»

«አንችን ማን ይቀጥርሻል?» አለችና ልትሥቅ ጀምራ ተወችው። «ደግሞ አንች አይደለሽም። እኔም ልቤ እያወቀው ነው ዝም ያልሁ። ይሁን ብየ።»

«ለምን ይሁን አልሽ?»

ተነሥታ ወደ መናኸሪያው መንገድ ጀመረች። ይኸን ጥያቄ እስከ ዛሬ ይዠው እዞራለሁ። ለእኔ አዝና ነው? ወይስ ባጃጇ ብትቆም መሄጃ አገኛለሁ ብላ?

የባጃጇን ቀፎ ሸጠን፣ ደላላው በያዘላት አውቶቡስ ከቡሬ መናኸሪያ ሄደች። እትየ ከድጃ ቴምር ቋጥረው ሰጧት፤ «አላህ ይጠብቅሽ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ምን እንዳልኋት አላስታውስም። አውቶቡሱ ሲነሣ እጄ መስታወቱ ላይ ነበር።

እናንተ ከገጠር የወጣችሁ ወይም ልትወጡ ያሰባችሁ፣ ይኸን ስሙኝ። አረንጓዴ ቶሎ ከበራ ጥጋብ አይደለም። ከመንገድ እንደገባች ትኩሷን አትሰኩ፣ ትቀዝቅዝ። የገማ እንቁላል ሲሸታችሁ ንቀሉ፣ ደጅ አውጡ። በምትተኙበት ቤት አታስገቡ። አሮጌና አዲስ አታዳብሉ። ባገራችሁ ምሳሌ የሚያባብላችሁን ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጣችሁ ፍሩ፤ ኢንጂነሩ ዛሬም እዚያው ቁጭ ብሎ ይሸጣል፣ ሳልፍ «ማዘር፣ ሰላም ነው?» ይለኛል፣ መልሱን ሳይሰማ።

ይታይሽ አንድ ጊዜ ደውላለች፣ ከአፋር፣ ከሎጊያ። «እማ፣ ሙቀቱ ያማል፤ ቡሬን ሞቃት እንል ነበር» አለችኝ። «ነገ እንነሣለን፣ ስንሻገር እደውላለሁ» አለች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። መናኸሪያው በር ላይ ድንች ቀቅየ እሸጣለሁ። ስልኬ አንገቴ ላይ በክር ታስሮ ይውላል።

ትናንት ለወንድሜ ለእንዳላማው ደወልሁ። እሱ ኔትወርክ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት አለበት፤ በዕለተ ሰንበት ሲወጣ ነው የማገኘው። ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል፣ የኛ ነፋስ።

«እታለም፣ ገብሱ ደርሷል። ነይ እንጅ! ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«አንተ ጉብታ ላይ ካልወጣህ አትሰማኝም። እዚያ ገብቼ ሳለሁ ልጄ ብትደውልልኝስ?»

ቀስ ብሎ፦ «እኔ እዚህ ጎጆ እቀልስልሻለሁ፣ ከጉብታው ላይ» አለኝ። ማልቀስ ከጀመርሁ እንደማላቆም አወቅሁ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሁሉም ልጠይቀው ነበር የደወልሁ።

«በል ዝጋው፣ እንዳላማው» አልሁት። «መስመሩን አትያዝብኝ።»